ፊቱን እያዩ የማሩት ልጅ

የዶሪያን ግሬይን ታሪክ መጽሐፉን ያላነበበ ሰው ራሱ ያውቀዋል። አንድ በጣም የሚያምር ልጅ አለ፣ ስዕሉ ይሳላል፣ እኔ እንዲህ እንዳለሁ ልቅር ስዕሉ ይርጅልኝ ብሎ ይመኛል፣ ምኞቱ ይሰምርለታል፣ ከዛ በኋላ ዕድሜውም ኃጢአቱም ስዕሉ ላይ እየተጠራቀመ እሱ የሃያ ዓመት ልጅ እንደመሰለ ይኖራል። እውነት ነው ታሪኩ ይሄው ነው። ግን እኔ ይሄን መጽሐፍ ባነበብኩት ቁጥር ስዕሉ እየራቀኝ ፊቱ ነው እየቀረበኝ የመጣው፣ ማለቴ በየሳሎኑ በየቲያትር ቤቱ በየእራት ግብዣው ሰው ሁሉ የሚያየውና የሚያምነው ፊት። ብዙ ሰው ኦስካር ዋይልድ ይሄን የጻፈው ስለ እርጅና ፍርሃት ነው ይላል። እኔ የማነበው ግን መልኩ ስላማረ ብቻ ምንም ቢያጠፋ እየታለፈ፣ የሱን ዕዳ ሌላ ሰው እየከፈለለት ስለኖረ ሰው ነው፣ ለዛም ነው ከመቶ ሰላሳ ዓመት በኋላ ሳነበው ደሜ የሚፈላው።

ስለ አጀማመሩ ትንሽ ልበል ምክንያቱም ደስ የሚል ነገር አለው። እ.ኤ.አ. በ1889 ኦገስት 30 ለንደን ላንግሃም ሆቴል ውስጥ ስቶዳርት የሚባል የአሜሪካ መጽሔት አዘጋጅ ዋይልድንና አርተር ኮናን ዶይልን እራት ጋበዛቸው። ለመጽሔቴ ጻፉልኝ አላቸው። ዶይል ሁለተኛውን የሼርሎክ ሆምስ ልቦለድ ጻፈለት፣ ዋይልድ ደግሞ ዶሪያን ግሬይን፣ እንግዲህ የአንድ ማታ ግብዣ ምን ያህል እንዳተረፈ አስቡት። ሊፒንኮትስ በሚባለው በዛ መጽሔት የ1890 የጁላይ ዕትም ላይ ሲወጣ የለንደን ጋዜጦች አበዱ፣ መርዝ ነው ቆሻሻ ነው ተባለ፣ በየባቡር ጣቢያው መጻሕፍት የሚሸጠው ትልቁ ደብሊው ኤች ስሚዝ መጽሔቱን ከመደርደሪያው አወረደው። ዋይልድ በሚቀጥለው ዓመት በመጽሐፍ ሲያወጣው 13 የነበረው ምዕራፍ 20 ሆነ፣ መቅድም ጨመረበት፣ ጄምስ ቬን የሚባለውን የመርከበኛውን ታሪክም ያስገባው ያኔ ነው። እሱ ጋ እመጣለሁ።

መጀመሪያ ላይ ዶሪያን ክፉ ልጅ አይደለም፣ ይሄን መርሳት የለብንም። አባትም እናትም የለውም፣ ያሳደጉት አያቱ ሎርድ ኬልሶ እናቱን ስለሚመስል ዓይኑን ማየት የማይፈልጉ ጨካኝ ሽማግሌ ናቸው፣ ልጁ እንዲርቃቸው ብለው ላይኛው ፎቅ ላይ ለብቻው የመማሪያ ክፍል አሠርተውለት እዛ ነው ያደገው። ከዛ ሰዓሊው ባዚል ሆልዋርድ ያገኘዋል፣ በመልኩ ልቡ ይጠፋል፣ ሊስለው ስቱዲዮው ያስቀምጠዋል። እዛ ነው የባዚል ጓደኛ ሎርድ ሄንሪ የሚመጣውና አትክልት ቦታው ውስጥ ወስዶ ወጣትነትህ ጥቂት ዓመት ነው፣ እሱ ሲሄድ ውበትህም አብሮት ይሄዳል፣ ያኔ የሚያይህ የለም እያለ ጆሮው ላይ የሚያንቆረቁርበት። ልጁ እስከዛች ቀን ድረስ ስለ መልኩ ብዙም አስቦ አያውቅም። ተመልሶ ገብቶ ያለቀውን ስዕል ሲያይ መጀመሪያ ደስ ይለዋል ከዛ ወዲያው ያንን ስዕል ይቀናበታል፣ ይሄ እንዲህ እንዳለ ይቀራል እኔ ግን አረጃለሁ ብሎ ያለቅሳል፣ ነፍሴን እሰጥ ነበር ይላል። ባዚል ደግሞ የልጁ ሀዘን አንጀቱን ሲበላው የቀለም ቢላውን አንስቶ ስዕሉን ሊቀደው ይነሳል። ዶሪያን ዘሎ እጁን ይይዘዋል፣ ተው ባዚል ይሄማ ነፍስ ማጥፋት ነው ብሎት። ባዚል ያኔ ቢቀደው ኖሮ ብዬ ስንቴ እንዳሰብኩ አልነግራችሁም።

ሎርድ ሄንሪን የሚወዱት አንባቢዎች አሉ፣ ንግግሩ ያዝናናል፣ አረፍተ ነገሩ እንደ ጥቅስ እየተቆረጠ በየፌስቡኩ ይዞራል። እኔ አልወደውም። ባዚል ራሱ አንዴ እንደሚለው ሰውዬው ጥሩ ነገር ተናግሮ አያውቅም፣ መጥፎ ነገርም ሠርቶ አያውቅም፣ ማለትም ሀሳቡን ይዘራል ሌላው ያጭዳል እሱ ሲጋራውን እያጨሰ ዳር ቆሞ ያያል። ሰው እንደ መሞከሪያ ነገር ነው የሚያየው። ጥፋት ሲሠራ ያልታየ ሰው ንጹሕ ነው ማለት እንዳልሆነ ለማወቅ ሎርድ ሄንሪን ማየት ይበቃል።

አሁን ወደ ሲቢል ቬን። ሲቢል 17 ዓመቷ ነው፣ በአንድ ደሳሳ ቲያትር ቤት የሼክስፒርን ሴቶች የምትጫወት ድሃ ልጅ ናት፣ አንድ ማታ ጁልየት ሌላ ማታ ሮዛሊንድ። ዶሪያን ማታ ማታ እየሄደ ያያታል፣ ይወዳታል፣ እንጋባ ይላታል፣ ስሙን እንኳን በደንብ ስለማታውቅ ቆንጆው ልዑል ነው የምትለው። ከዛ ጓደኞቹን ይዞ ሊያሳያት ሲሄድ በዛች ማታ ትወናዋ ይበላሻል፣ ሰው ያፏጫል፣ ይወጣል። ሲቢል ግን ከመጋረጃ ጀርባ ደስ ብሏት ነው የምትጠብቀው ምክንያቱም እውነተኛ ፍቅር ስላገኘች የመድረኩ ፍቅር ውሸት ሆኖባታል፣ ይሄንን ልትነግረው ነው የቸኮለችው። እሱ ምን ይላታል? ፍቅሬን ገደልሽው። እግሩ ላይ ወድቃ ታለቅሳለች፣ አሻሽላለሁ ትላለች፣ ትቷት ይወጣል።

እዚህ ጋ ነው ዋይልድ አንዲት በጣም ትንሽ ነገር የሚጽፋት፣ ብዙ ሰው ሳያያት የሚያልፋት። ዶሪያን ሌሊቱን ሙሉ ለንደን ውስጥ ሲዞር ያድርና ሲነጋጋ ኮቨንት ጋርደን ገበያ ይደርሳል። አበባና አትክልት የጫኑ ጋሪዎች እየገቡ ነው። አንድ ነጭ ሽርጥ ነገር የለበሰ ባለ ጋሪ ቼሪ ይሰጠዋል። ዶሪያን አመስግኖ ሊከፍል ሲል ሰውዬው ገንዘቡን አልቀበልም ይላል፣ ዶሪያንም ለምን እንዳልተቀበለው እየገረመው ቼሪውን ይበላል። በቃ ይሄ ነው፣ ሁለት መስመር አይሞላም። ግን አስቡት፣ ከጥቂት ሰዓት በፊት አንዲት ልጅ እግሩ ስር ወድቃ ትቷት የሄደ ሰው ነው፣ እሷ ምናልባት በዚያች ሰዓት ሞታ ይሆናል፣ እሱ ደግሞ መንገድ ላይ ከማያውቀው ሰው ስጦታ ይቀበላል። ባለ ጋሪው ምንም አላጠፋም፣ ደግ ሰው ነው፣ ጠዋት ላይ አንድ የሚያምር ያዘነ የሚመስል ልጅ አይቶ ነው። ዶሪያን ቤቱ ሲገባ ነው ስዕሉ አፍ ላይ ያቺን የመጀመሪያዋን የጭካኔ ምልክት የሚያያት። ዓለም ቼሪ ሲሰጠው እውነቱን የነገረው ሸራው ብቻ ነው።

ይሄን ገጽ ሳነብ ሁሌ የምትመጣብኝ አንዲት ልጅ አለች። ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ውስጥ የዕቁብ ገንዘብ የሚሰበስቡ አንዲት እናት ነበሩ፣ ስማቸውን ልተወው፣ ገንዘቡ አንድ ቀን ከብፌው መሳቢያ ውስጥ ጠፋ። ቤት ውስጥ የነበሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፣ የሳቸው የእህት ልጅና ከገጠር የመጣች ሠራተኛቸው። የእህት ልጅየው ሲያልፍ እናቶች ወሬያቸውን አቋርጠው እንዴት ያለ ደም ግባት ነው የሚሉለት፣ ረጅም፣ ፈገግታው የሚጣፍጥ ልጅ ነበር። ሠራተኛዋ ደግሞ ጉንጯ ላይ የእሳት ጠባሳ ነበራት፣ ሰው ስታናግር ቀና አትልም። ማንም እሱን የጠየቀው የለም፣ አንድም ሰው። እሷን ግን እዛው ቡና የሚጠጣበት ምንጣፍ ላይ ዕቃሽን ፍቺ አሏትና ፈታችው፣ ማበጠሪያ፣ ግማሽ ሳሙና፣ አንድ ቀሚስ፣ በጨርቅ የተቋጠረ የአፈር ነገር፣ ከአገሯ ጸበል ቦታ ያመጣችው ይመስለኛል። ገንዘብ የለም። አንዷ ዓይኗን እዩት የሌባ ዓይን እኮ ነው አሉ። ማታ ሄደች፣ የወር ደሞዟን ሳትቀበል። ከዓመታት በኋላ ልጁ ራሱ ለጓደኞቹ እየሳቀ ሲያወራ ነገሩ ተሰማ፣ የሰፈሩ እናቶችም ሲሰሙ ያሉት አሁን ድረስ ጆሮዬ ላይ አለ፣ ልጅነት ነው፣ አሉ። እሷ የት እንደደረሰች የጠየቀ ሰው አልሰማሁም።

ፊት አይቶ ማዳላት በቤተ ክርስቲያንም በቤትም ስንት ጊዜ ተነግሮናል፣ ግን ስናደርገው እያደረግነው መሆኑ አይታወቀንም። ባዚልም እንደዛ ነው፣ እሱ እኮ መጥፎ ሰው አይደለም፣ በመጽሐፉ ውስጥ ከሁሉም በላይ ልቡ ቅን የሆነው እሱ ነው። ከዓመታት በኋላ፣ ኖቬምበር 9 ቀን፣ ዶሪያን 38 ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ሲቀረው በጉም መሃል መንገድ ላይ ያገኘዋል። ባዚል በእኩለ ሌሊት ባቡር ወደ ፓሪስ ሊሄድ ነው፣ ከመሄዱ በፊት ስለሱ የሚወራውን ሊጠይቀው ፈልጓል። ስም እየጠራ ይዘረዝርለታል፣ ራሱን ያጠፋው ወታደር፣ ስሙ ጠፍቶ ከእንግሊዝ የወጣው ሰውዬ፣ ኑሮው የተበላሸው የጌታ ልጅ፣ ለምንድን ነው ካንተ ጋር የሚወዳጅ ወጣት ሁሉ እንዲህ የሚሆነው ይለዋል። እና እዛው ላይ ግን አላምንም ይላል፣ ኃጢአት የሰው ፊት ላይ ይጻፋል መደበቅ አይቻልም፣ አንተ ደግሞ በዚህ ንጹሕ ፊትህ፣ አላምንም። ማስረጃው እጁ ላይ አለ፣ ስም ከነአድራሻው፣ ፊቱ ግን ማስረጃውን ሁሉ አሸነፈበት። ሰዓሊ ነው እኮ፣ ዕድሜውን ሙሉ ፊት ሲያይ የኖረ ሰው።

ያዳነው ሀብቱም ነው፣ ይሄን ዋይልድ ራሱ አልደበቀውም፣ ሀብታምና ደስ የሚል ሰው ላይ መጥፎ ነገር ማመን ለትልልቆቹ ሰዎች ይከብዳቸዋል ብሎ በግልጽ ጽፎታል። ክለብ ውስጥ እሱ ሲገባ ተነስተው የሚወጡ ነበሩ። ግን ግብዣው አልቀረበትም። ስለሱ ሲያወሩ የነበሩትም እሱ ብቅ ሲል ዝም ይላሉ፣ የፊቱ ንጽሕና እነሱን የሚወቅሳቸው እየመሰላቸው፣ ራሳቸው ያፍራሉ። ይሄ በጣም የሚያስፈራ ነገር ነው፣ የበደለው ሰው እያለ የሰማው ሰው ማፈሩ።

ስዕሉን የደበቀበትን ቦታ ደግሞ ልብ በሉ። ቤቱ ትልቅ ነው ስንት ክፍል አለ፣ እሱ የመረጠው ያንን አያቱ ያሠሩለትን የልጅነት የመማሪያ ክፍል ነው። ከአሮጊቷ የቤት ጠባቂ ቁልፉን ተቀብሎ ሲከፍተው ድሮ የሚደበቅበት ሳጥን፣ የተጨማደዱ የትምህርት መጻሕፍቱ የነበሩበት መደርደሪያ እንዳለ ነው። ያ ብቸኛ፣ ማንም የሌለው ልጅ የኖረበት ክፍል ውስጥ ነው ያንን ነገር የቆለፈበት። ባዚልን ይዞት የወጣውም እዛ ነው፣ መጋረጃውን ገፎ አሳየው። ባዚል መጀመሪያ የራሴ ሥራ አይደለም አለ፣ ከዛ ጥግ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈውን የራሱን ስም አየ። ያለውን ታውቃላችሁ? እንጸልይ ነው ያለው። ወደ ፈተና አታግባን፣ ኃጢአታችሁ እንደ አለላ ብትሆን እንደ አመዳይ ትነጻለች፣ ልጅ ሆነን የተማርነውን አብረን እንበል ብሎ ለመነው። ዶሪያን ጊዜው አልፏል አለው። ከዛ ቢላው። ጠዋት ላይ አገልጋዩ ቸኮሌት ይዞለት ሲገባ ዶሪያን እጁን ጉንጩ ስር አድርጎ ሲጫወት ውሎ እንደደከመው ሕጻን ተኝቷል፣ ያገኘው አገልጋይ ምን ያስባል፣ ጌታዬ ሰላም አደረ ነው የሚለው።

ጄምስ ቬን ጋ እመጣለሁ ብዬ ነበር። የሲቢል ወንድም ነው፣ አውስትራሊያ ከመሄዱ በፊት እህቴን የነካ ሰው ይሞታል ብሎ የማለ። ከ18 ዓመት በኋላ ለንደን ወደብ አካባቢ የኦፒየም ቤት ውስጥ አንዲት ሴት ዶሪያንን ቆንጆው ልዑል ብላ ስትጠራው ይሰማና ተከትሎ ጨለማ ውስጥ አንገቱን ያንቀዋል፣ ሽጉጡን ይደግንበታል። ዶሪያን እህትህ ከሞተች ስንት ዓመት ሆናት ብሎ ይጠይቀዋል። አሥራ ስምንት። ታዲያ መብራት ስር አውጣኝና ፊቴን እይ። ወንድም ሽጉጡን ዝቅ ያደርጋል፣ ይሄማ የሃያ ዓመት ልጅ ነው፣ ይቅርታ ይጠይቀዋል፣ አምላኬ ነፍስ ላጠፋ ነበር እያለ ይንቀጠቀጣል። እኔ መጽሐፉ ውስጥ በጣም የምናደደው እዚህ ላይ ነው። የተበደለው ሰው ይቅርታ ጠያቂ ሆነ! በኋላም ጄምስ ሲከታተለው በአደን ላይ በስህተት በተተኮሰ ጥይት ይሞታል፣ ዶሪያንም ሬሳውን አይቶ በደስታ ያለቅሳል፣ ዳንኩ ብሎ።

ዛሬ ይሄ መጽሐፍ ሲነሳ ወሬው ቶሎ ወደ ፊልተርና ወደ ሴልፊ ይዞራል። ይገባኛል ግን ብዙም አያሳምነኝም። የዶሪያን ፊት ፊልተር የለውም፣ እውነተኛ ፊቱ ነው፣ ቆዳው የራሱ ነው። ችግሩ ተመልካቹ ጋ ነው ያለው፣ ያየውን ፊት እንደ ምስክር መቀበሉ ላይ።

መጨረሻው አካባቢ ዶሪያን መልካም ልሁን ይላል። ሄቲ የምትባል የገጠር ልጅ አግኝቶ ሊያበላሻት ይችል ነበር፣ ትቷት መጣ። በዚህ ሥራው ተደስቶ ስዕሉ ተሻሽሎ ይሆን ብሎ ሊያይ ሲወጣ ዓይኑ ውስጥ ተንኮል አፉ ላይ ደግሞ የግብዝ ሰው መስመር ተጨምሮ ያገኘዋል። ልጅቷን የተዋት ለሷ አዝኖ እንዳልሆነ ስዕሉ ያውቃል፣ አዲስ ስሜት ፈልጎ ነው፣ ንስሐውንም እንደ መስታወት ነው ያየበት። ይሄ ምዕራፍ ከግድያው በላይ የሚያስደነግጠኝ ለዚህ ነው። ከዛ ባዚልን በገደለበት ቢላ ስዕሉን ይወጋዋል፣ አገልጋዮቹ ሲገቡ ስዕሉ እንደ ድሮው አምሮ ተሰቅሏል፣ መሬት ላይ የወደቀውን የተጨማደደ ሽማግሌ ማንነት የለዩት በጣቱ ቀለበቶች ነው።

ዋይልድ ራሱ በ1895 የፍቅር ጓደኛው የሎርድ አልፍሬድ ዳግላስ አባት ማርኩዊስ ኦፍ ኩዊንስበሪ ስሜን አጠፋ ብሎ ሲከስ የማርኩዊሱ ጠበቃ ኤድዋርድ ካርሰን ይሄንን ልቦለድ ፍርድ ቤት ይዞ ገብቶ ከገጹ እያነበበ ነው ያፋጠጠው፣ የጻፍከው ይሄ ነው እንግዲህ አንተም እንዲህ ነህ ዓይነት። ያው ነገር በተቃራኒው፣ ከሽፋኑ ተነስቶ ሰውን መፍረድ። ክሱ ወድቆ ዋይልድ ራሱ ከወንዶች ጋር ባለው ግንኙነት ተከሳሽ ሆነ፣ በዛው ዓመት ሜይ 25 ሁለት ዓመት ከከባድ ሥራ ጋር ተፈረደበት፣ ከወጣ በኋላ ብዙም አልቆየም፣ በ1900 ፓሪስ ውስጥ በ46 ዓመቱ ሞተ። አንድ ደብዳቤው ላይ ባዚል እኔ ነኝ ብዬ የማስበው ነው፣ ሎርድ ሄንሪ ደግሞ ዓለም እኔን እንደዛ ነው ብሎ የሚያስበው ነው የሚል ነገር ጽፏል፣ እኔም ባዚልን ከዛ ወዲህ ይበልጥ ነው የማዝንለት።

መጽሐፉን የምታነቡ ካላችሁ 11ኛው ምዕራፍ ላይ ሽቶ፣ የከበረ ድንጋይ፣ ጥልፍ ምናምን ሲበዛባችሁ አትተዉት፣ ቶሎ እለፉት ይሻላል። አለን ካምቤልን ግን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። የኬሚስትሪ ሰው ነው፣ ሙዚቃም ይጫወታል፣ ድሮ የዶሪያን የልብ ጓደኛ ነበር። ዶሪያን የባዚልን ሬሳ አጥፋልኝ ብሎ ሲያስጠራው እምቢ ይላል፣ ደጋግሞ እምቢ ይላል፣ በመጨረሻ ዶሪያን ወረቀት ላይ አንድ ነገር ጽፎ አጥፎ ወደሱ ይገፋለታል። ካምቤል አንብቦ ይገረጣል። ምን እንደተጻፈበት ዋይልድ አይነግረንም። የተባለውን ሠራ፣ ከዛ አንድ ሌሊት ላቦራቶሪው ውስጥ ራሱን ተኮሰ። መጨረሻው ምዕራፍ ላይ ዶሪያን የሞቱትን ሰዎች በሀሳቡ ሲቆጥር እሱ ጋ ይደርስና ካምቤል ራሱን የገደለው ራሱ ፈልጎ ነው፣ እኔን አይመለከተኝም ብሎ ያልፈዋል። ምዕራፍ 14ን እና ያቺን መስመር በአንድ ቁጭታ አንብቧቸው።